300 ሰው፣ አንድ ድንኳን፦ ሁሉም የሚናገርበት ትልቅ ስብሰባ እንዴት ይዘጋጃል?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 300 ሰው ጠራችሁ እንበል። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ብትሰጡ 900 ደቂቃ ይመጣል። 15 ሰዓት ማለት ነው። ስብሰባው ግን 3 ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ የመክፈቻ ንግግሩ፣ የኮሚቴው ሪፖርትና ማይኩ እስኪስተካከል የሚባክነው ጊዜ ሲቀነስ፣ የሚናገረው ሰው 20 ቢሞላ ነው። የቀረው 280 ሰው ወይ ያዳምጣል፣ ወይ ስልኩን ይነካካል፣ ወይ ቀስ ብሎ ይወጣል።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት የሳይታችንን ነዋሪ በሙሉ ስለ ውሃ ለመነጋገር ጠራን። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም 3ኛና 4ኛ ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ፓምፕና ትልቅ ሮቶ ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት ነበረብን። ሞንታርቦ ተከራየን፣ ድንኳን ተከልን። አምስት ስድስት ሰዎች ማይኩን እየተቀባበሉ ተናገሩ። በመጨረሻ «ተስማምተናል አይደል?» ተባለ፤ ተጨበጨበ። በወሩ መዋጮውን የከፈለው ከግማሽ በታች ነበር። ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ አቅም እንዳለኝና እንደሌለኝ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። ጭብጨባው ውስጥ እሳቸውም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ለዕድርም፣ ለትምህርት ቤት ወላጆችም፣ ለራሳችን ሳይትም ስብሰባ ሳዘጋጅ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ትልቅ ስብሰባ ማለት አንድ ድንኳን ሥር የተቀመጡ ብዙ ትንንሽ ስብሰባዎች ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን እንዴት እንደምንሠራ ነው።

1. ሕዝቡ ምን መወሰን እንደሚችል አስቀድሞ መለየት

አዘጋጆቹ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ሰው የተጠራው ሊሰማ ነው፣ ሊመክር ነው ወይስ ሊወስን? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ነገሩ ካለቀለት «ገለጻ አለ» ብላችሁ ጥሩ። ማንም አይቀየምም። ሰው የሚቀየመው ያለቀለትን ነገር «ተወያዩበት» ሲባል ነው። «ሕዝቡን አወያይተናል» ለማለት ብቻ የሚጠራ ስብሰባ ካለመጥራት ይከፋል፤ ለቀጣዩ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

ከዚያ የማይነካውን ከሚነካው ለዩ። በእኛ ጉዳይ ፓምፑ መገዛቱ አያከራክርም ነበር። ማን ስንት ይክፈል፣ ያልቻለው ምን ይደረግ፣ ሌሊት ውሃ ሲመጣ መስመሩን ማን ይክፈት የሚሉት ግን ክፍት ነበሩ። ይህንን በመክፈቻው ላይ በግልጽ ተናገሩ።

2. አዘጋጆቹ እነማን ይሁኑ?

ኮሚቴው ብቻውን አያዘጋጀው። 8 ወይም 9 ሰው በቂ ነው። ከላይኛው ፎቅ አንድ እናት፣ አንድ ተከራይ፣ አንድ ወጣት፣ ምድር ላይ ሱቅ ያለው ሰው፣ ከዕድሩ አንድ ሽማግሌ ይግቡበት። ስብሰባው ከመድረሱ 4 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያ ሥራችሁም «ሁልጊዜ የማይመጣው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሁን። የቤት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ደረጃ መውረድ የማይችሉ አረጋውያን፣ ጨቅላ የያዙ እናቶች ይኖራሉ። መምጣት ለማይችሉት ሁለት ወጣቶች ጥያቄዎቹን ይዘው ቤታቸው ይሂዱና መልሱን ጽፈው ያምጡ።

የተከራይ ጉዳይ ሁሌ ጭቅጭቅ ያስነሳል። የጋራ ሕንፃ አዋጁ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩን የባለቤቶች አድርጎታል። ስለዚህ ለማኅበሩ ውሳኔ ድምፅ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ውሃው የሚጠፋበት ግን ተከራዩም ነው። ተከራይ እንዲናገር፣ በቡድን እንዲሠራ፣ ሐሳብ እንዲያዋጣ አድርጉ፤ ድምፅ የሚሰጥበትን ሰዓት ብቻ ለዩ። ይህንንም ጥሪው ላይ ጻፉት። ድንኳን ውስጥ ሲሰማ ውርደት ይሆናል።

ወረዳውንም በደብዳቤ አሳውቁ። ስለ ውሃና ስለ ጥበቃ የሚደረግ የጎረቤት ስብሰባ የፖለቲካ ስብሰባ አይደለም። ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

3. ጥያቄውን መቅረጽ

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። «ስለ ውሃ ችግር አስተያየት ስጡ» ካላችሁ የምታገኙት እሮሮ ነው። ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ባልዲ ተሸክሞ አራት ፎቅ ይወጣል። የሚያስፈልገው መልሱ ሥራ የሚሆን ጥያቄ ነው። እኛ በሁለተኛው ስብሰባ ያቀረብነው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የእርስዎ ቤት በወር ስንት ቢባል ሳይከብደው ይከፍላል? ያልቻለ ጎረቤትስ በምን ይሳተፍ?» እና «ሌሊት ውሃ ሲመጣ ማን፣ በምን ተራ ይነሣ?»

ጥያቄውን ለአንድ ለማያውቀው ሰው፣ ለምሳሌ ለሱቁ ልጅ፣ አንብቡለት። ወዲያው መመለስ ከጀመረ ጥሩ ነው። «ምን ማለት ነው?» ካለ እንደገና ጻፉት። ለ3 ሰዓት ከሁለት ጥያቄ በላይ አትያዙ።

4. ቀኑና ጥሪው

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ለእኛ ሠርቷል። ቅዳሴ አልቋል፣ ምሳ ተበልቷል፣ ለእራት ጊዜ አለ። ዕረፍቱን ከአስር ሰላት ሰዓት ጋር ካገጣጠማችሁት ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ይሰግዳሉ። በረመዳን ግን ወደ ጠዋት አምጡት፤ ጾመኛ ፊት ሻይ ማዞር አይገባም። የዕድር ወርኃዊ መሰብሰቢያን፣ የንግሥ በዓልን፣ የሠርግ ወራትን አስቡ። ትልቅ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ባለበት ሰዓት ወጣቶቹን አትጠብቁ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ያለ ድንኳን አይሞከርም።

ጥሪው በአንድ መንገድ ብቻ አይሂድ። በየብሎኩ መግቢያ ወረቀት ለጥፉ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፉ፣ የዕድሩ ለፋፊ ይዙር። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በር ማንኳኳት ነው። ለአንድ ብሎክ ሁለት ሰው መድቡ። ጥያቄዎቹንም አብራችሁ ስጡ፤ ሰው እቤቱ ተማክሮ ይመጣል። ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲመጡ በግልጽ ተናገሩ። ካልተባለ የሚመጣው አንዱ ነው።

5. ዕቃና አቀማመጥ

ወንበር በረድፍ አትደርድሩ። በረድፍ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው። ስምንት ስምንት ወንበር እየከበባችሁ አስቀምጡ፤ ለ300 ሰው 38 ክብ ይሆናል። ጠረጴዛ ባይኖር ችግር የለም። በክቦቹ መካከል ሰው የሚያልፍበትና ድምፅ የማይደባለቅበት ክፍተት ተዉ። ኮሚናሉ (የሳይቱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ) ካልበቃ የዕድሩን ድንኳን ጨምሩበት፤ አግዳሚውንም ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጉት።

መድረክ አትሥሩ። የክብር ወንበርም አታዘጋጁ። ከወረዳ የሚመጡ እንግዶች በመጀመሪያ 5 ደቂቃ ይናገሩና በዕረፍት ሰዓት ተመልሰው ይምጡ። አለቃ አጠገቡ ተቀምጦ እውነቱን የሚናገር ሰው ብዙ አይደለም። ይህን ለእንግዶቹ አስቀድማችሁ በአክብሮት አስረዷቸው። በእኛ በኩል የተቀየመ አልገጠመኝም።

ሌላው ዕቃ ርካሽ ነው። አራት ደስጣ A4 ወረቀት፣ በክብ ሁለት ወፍራም ማርከር፣ ፕላስተር፣ አንድ ሞንታርቦ፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ ደወል፣ ባቄላና ባዶ ጣሳዎች። ሻይ፣ ቆሎና የጾም ዳቦ። ለልጆች አንድ ጥግ፣ ሁለት ጠባቂዎች፣ ወረቀትና ከለር። የልጆቹን ጥግ አትተዉት። ያለ እሱ እናቶች ግማሽ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው።

6. አወያዮቹን ማሠልጠን

38 አወያይ ከየት ይመጣል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አስተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ ነርሶች፣ የማኅበር ጸሐፊዎች። ሳይቱን ስትፈትሹ ይገኛሉ። የኮሚቴ አባል አወያይ አይሁን፤ ሰው ፊቱን እያየ ይናገራል። ቁጥሩ ካልሞላላችሁ አንድ አወያይ ሁለት ጎረቤት ክቦችን ይያዝ።

ቅዳሜ ማታ ለአንድ ሰዓት ሰብስቧቸውና አራት ነገር ብቻ አለማምዷቸው። አንደኛው ተራ ነው። መጀመሪያ ሁሉም በየተራው አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሁሉም ሳይዳረስ ማንም አይደግምም፣ ማንም አያቋርጥም። ስምንት ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ቢናገር 40 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ያስተውሉ፦ በትልቁ ማይክ 20 ሰው በሚናገርበት ጊዜ በክቦቹ 300ውም ይናገራል።

ሁለተኛው ዝምታን መታገሥ ነው። አዲስ አወያይ ሰው ዝም ሲል ይደነግጥና ራሱ መናገር ይጀምራል። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ በሏቸው። «እትዬ፣ እርስዎስ ጋ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅና ዝም ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ላለች ሴት «ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው?» በሏት። ታሪኩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሦስተኛው አጻጻፍ ነው። የተናጋሪው ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ «ገንዘብ የለኝም ጉልበት ግን አለኝ» ያለው ሰው ሐሳብ «የአቅም ውስንነት» ተብሎ አይለወጥ። አራተኛው ማሳጠር ነው። ክቡ በመጨረሻ ሦስት ሐሳብ ይመርጣል፤ እያንዳንዱን በአንድ ወረቀት፣ በትልቁ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ይጽፋል።

ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚቀላቸው ጎረቤቶች ካሉ በዚያ ቋንቋ የሚሠራ ክብ ይኑራቸው። ጽሑፉን ሁለቱንም የሚችል አወያይ ይተረጉመዋል።

ይህ የክብ አሠራር በትልቅ ሕዝብም ተፈትኗል። በኒውዮርክ በሽብር ጥቃት የፈረሱት የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ቦታ ላይ ምን ይሠራ ለሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2002 ከ4,000 በላይ ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እየሆኑ ከአወያይ ጋር ጠረጴዛ ከበቡ። የቀረቡላቸው ስድስት ዕቅዶች ነበሩ፤ ስድስቱንም አልወደዷቸውም። ባለሥልጣናቱም ወደ ንድፉ ተመለሱ። ጠረጴዛው ብቻውን ያን አላመጣም። ሰሚዎቹ ለመለወጥ ፈቃደኛ መሆናቸውም ነው።

7. የዕለቱ አካሄድ

8 ሰዓት ብላችሁ ጠርታችሁ 9 ሰዓት ላይ አትጀምሩ። በሰዓቱ የመጣው ሰው ይቀጣል፣ ያረፈደው ይሸለማል። 8 ሰዓት ሲሆን ለመጡት ሥራ ስጧቸው። ግድግዳው ላይ የሳይቱን ካርታ ስቀሉና ሰው ውሃ መቼ መቼ እንደሚያገኝ በብሎኩ ላይ ምልክት ያድርግ። ቆሞ ይከራከርበታል፣ ይሞቃል። በር ላይ ያሉት ልጆች ለሁሉም የክብ ቁጥር ይስጡ። የአንድ ብሎክ ሰዎችና ቤተሰብ አይከማቹ፤ ባል በ5፣ ሚስት በ19 ይቀመጡ። ይህን ስናደርግ መጀመሪያ ጉምጉምታ ነበር። ዕረፍት ላይ ግን ሴቶቹ ናቸው የደመቁት።

8፡15 ላይ ሽማግሌ ይመርቁ፤ ምርቃቱን አታሳጥሩ፣ ንግግሩን አሳጥሩ። ዋናው አወያይ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚወሰን፣ ምን እንደማይወሰን፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ይናገር። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ለመረጃ ነው፤ የፓምፑ ዋጋ፣ ኮሚቴው ያለው ገንዘብ፣ እስካሁን የወጣው። በቃል አይበቃም። በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ይሰቀል፤ ደረሰኞቹም ማንም የሚያገላብጠው ክላሰር ውስጥ ይቀመጡ። ብዙ ስብሰባ የሚበላሸው ስለ ውሃ እያወሩ ልብ ውስጥ ስለ ገንዘብ በሚታማበት ጊዜ ነው።

8፡40 ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምራል፤ 50 ደቂቃ። ዋናው አወያይ በዚህ ሰዓት ማይኩን አጥፍቶ ይዘዋወር። አይናገር። ደወሉ በአጋማሽ አንድ ጊዜ፣ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጊዜ ይደወል። 9፡30 ዕረፍት። ወረቀቶቹ ወደ ግድግዳው ይመጣሉ፤ 38 ክብ ሦስት ሦስት ሲሰጥ 114 ወረቀት ነው። አራት ለቃሚዎች ሰው ሻይ ሲጠጣ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ይለጥፉ። ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ክምር ይሆናል። ሰዉ እያየ ይሥሩት። «የእኔን የት ጣላችሁት?» የሚል ካለ እዚያው ይታረማል።

9፡55 ላይ ሁለተኛው ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ። ግማሹ ሰው ክብ ይቀይር፤ አወያዩ ይቆይና የቀደመውን ለአዲሶቹ በሁለት ደቂቃ ይንገራቸው።

8. ሰው ሲያስቸግር

ማይክ ይዘው የማይለቁ ትልቅ ሰው ሁሌ አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚደግሙት ያልተሰሙ ስለሚመስላቸው ነው። ስለዚህ ጻፉላቸው። «ጋሼ፣ ያሉትን ጽፌዋለሁ፦ የቀድሞው ኮሚቴ ሒሳብ ይመርመር። ልክ ነኝ?» ልክ ነው ሲሉ አመስግናችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ማይኩን ደግሞ ለተናጋሪ አትስጡ፤ ማይክ ያዡ እጁ ላይ እንዳለ ወደ አፋቸው ያቅርበው። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ደቂቃ ታድናለች።

ከአጀንዳ ውጭ የሆነ ነገር ሲነሣ «ማቆያ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ይኑር። እዚያ ይጻፍና መቼ እንደሚታይ ይነገር። ቁጣ ሲነሣ ግን አታፍኑት። ሁለት ደቂቃ ስሙት፣ ከዚያ «ይህ በእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ሰው ደርሶበታል?» ብላችሁ ለክቦቹ መልሱት። ሰው ስም እየጠራ መሳደብ ከጀመረ ዋናው አወያይ ያቁመው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም።

9. መምረጥና መወሰን

ሁለቱ አንድ አይደሉም። መምረጥ የቱ ሐሳብ እንደሚበልጥ ማወቅ ነው። ለዚያ ባቄላ እወዳለሁ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ይይዛል፤ በመጋረጃ ኋላ በቁጥርና በሥዕል በተለዩ ጣሳዎች ውስጥ ይጨምራል። ማንበብ የማይችልም እኩል ይመርጣል፤ ማን ምን እንደመረጠ አይታወቅም። አራት መጋረጃ አድርጉ። 75 ሰው በአንድ ሰልፍ፣ ለአንዱ 10 ሰከንድ ቢፈጅ 12 ደቂቃ ተኩል ነው። ቆጣሪዎቹ ከኮሚቴው ውጭ ይሁኑ፤ በሰው ፊት ይቁጠሩ።

ውሳኔው ከዚያ ይመጣል። ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ሁለቴ አንብቡት። «ተስማምተናል አይደል?» አትበሉ፤ እኛን ያሳሳተን ይህ ነው። መጀመሪያ «የማይስማማ አለ?» በሉ። እጅ ሲወጣ «ምን ቢስተካከል ይስማማሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዲት ቃል ተቀይራ ብዙ ተቃውሞ ይረግባል። ቦረናዎች በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ትልቁ ጉባኤያቸው ላይ ሲቀመጡ ለቀናት ይመክራሉ። እኛ ያለን 15 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ካልተግባባን ወደ ድምፅ እንሄዳለን። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ከመተዳደሪያ ደንባችሁ ጋር አረጋግጡ። ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተዓቅቦ በቁጥር ይጻፍ።

ያ የሌሊት ተራ ጉዳይ እንዲህ ነው የተፈታልን። ከአንድ ክብ «መክፈል ያልቻለ ቤት ሌሊት ውሃ ከፍቶ ይዝጋ፣ ከመዋጮ ይቀነስለት» የሚል ወረቀት መጣ። ከማይክ የሚመጣ ሐሳብ አልነበረም። ድሃ ነኝ ብሎ 300 ሰው ፊት የሚቆም ማን ነው? ለሰባት ጎረቤት ግን ይነገራል።

10. ከስብሰባው በኋላ

11 ሰዓት ሲሆን ዝጉ፤ ያልተዳረሰ ነገር ቢኖርም። በ3 ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ምን ተወሰነ፣ በስንት ድምፅ፣ ማን ምን እስከ መቼ ይሠራል፣ ምን ሳይወሰን ቀረ። «ማቆያ» ላይ ያሉትም ይግቡ። በየብሎኩ ደረጃ መግቢያ ለጥፉት፣ ቴሌግራም ላይም አድርጉት፣ ማንበብ ለማይችሉት ይነበብላቸው። ዋናው ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው ተፈርሞ ለብቻው ይቀመጣል።

በሳምንቱ አወያዮቹን ቡና ጠርታችሁ «ከክባችሁ ምን ሳይጻፍ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በ30ኛው ቀን ደግሞ ያችኑ ገጽ አውጡና ከየሥራው አጠገብ «ተሠርቷል» ወይም «አልተሠራም፣ ምክንያቱም» ብላችሁ በእጅ ጽፋችሁ እዚያው ለጥፉ። 114ቱን ወረቀቶች አትጣሉ። ፎቶ አንሷቸው፣ ክላሰር ውስጥም አስገቧቸው። አንድ ሰው መጥቶ «የእኔ ወረቀት የት አለ?» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ አውጥታችሁ ታሳዩታላችሁ።